ሁለት ክምር ሱፍ

ከጥምቀት በኋላ በነበረው ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ጎንደር ባለው ቤቴ ግቢ ውስጥ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ገበያ ያመጣሁትን የሱፍ ጆንያ ፈታሁ። ከአፉ ላይ ያለው ነጭና ረጅም ነበር። ከዚያ በታች ያለው አጭር፣ ቢጫ የመታው፣ ጭጎጎትና የበግ በጠጥ የተጣበቀበት ነው። ወደ ሥሩ ደግሞ የበግ ብቻ አልነበረም፤ የፍየል ጸጉር ተቀላቅሎበታል።

ሻጩ ከራሱ በጎች ላይ እንደሸለተው ነግሮኝ ነበር። በሥራዬ አንድን ነገር ከሁለት ሰው ሳልሰማ አልዘግብም። ሱፉን የገዛሁ ቀን ግን ሁለተኛ ሰው አልጠየቅሁም፤ እጄንም ከአንጓዬ አሳልፌ ወደ ጆንያው አላስገባሁም። ለዘገባ ወጥቼ ነበርና የመሥሪያ ቤቱ ማኪና ይጠብቀኝ ነበር። የቸኮልኩት ግን በማኪናው ምክንያት አይደለም።

አባቴ ኮሶዬ አካባቢ ባለ አንድ ቤተ ክርስቲያን የዳዊትና የዜማ መምህር ናቸው። ጉልበታቸውን ሊታከሙ መጥተው እኔ ዘንድ ሰንብተዋል። ከጭልጋ ወገን የመጣ፣ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ተማሪያቸውም ሊያስታምማቸው አብሯቸው አለ። የገዛሁላቸውን የቻይና ብርድ ልብስ በገባሁ ቁጥር እግራቸው ሥር ተጣጥፎ አገኘዋለሁ። ምን ጎደለው ብዬ ጠየቅኋቸው።

“ምንም አልጎደለው። ያልበኛል እንጂ አይሞቀኝም” አሉ። “እዚያ ልጄ ደበሎውን አውልቆ ይደርብልኛል። እሱ ይሻላል።”

ልጄ ያሉት ተማሪውን ነው። እኔን “ጋዜጠኛው” ነው የሚሉኝ። ዳዊት ደግሜ ሳልጨርስ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ስገባ “አስኳላው” ይሉኝ ነበር፤ ሬዲዮ ጣቢያ ስቀጠር “ጋዜጠኛው” ሆንኩ። በቀልድ ነው የሚሉት፤ ከፍተውብኝ አያውቁም። ቢሆንም ልጄ የሚለው ቃል ወደ ሌላ ሰው ሲሄድ በሰማሁ ቁጥር የያዝኩት ነገር ከእጄ የወደቀ ይመስለኛል።

ደበሎ የቆሎ ተማሪ የሚለብሰው የበግ ለምድ ነው። በአንድ አሮጌ ለምድ ቀናሁ። ሐሳቤም ቀላል ነበር፤ ሱፍ የተሞላ ወፍራም ብርድ ልብስ በእጄ ልሰፋ፣ አባቴ ለብሰውት ሊሞቃቸው፣ ክረምት ከበጋ ከሚበርደው አገር ወጥተው እኔ ዘንድ ሊቀሩ።

ሱፉን ይዤ ሰፈራችን ወዳለው ፍራሽ ሰፊ ሄድኩ። ቆንጥሮ በጣቱ አፍተለተለውና ወደ ብርሃን አነሣው።

“ይህ አልተሸለተም፤ ከቆዳ ላይ የተነጨ ነው። ሥሩን እየው፣ ቅርፊት ይዟል።”

“ለምን ይሆናል?”

“ለበቅሎ ኮርቻ።”

ከሳቀ በኋላ መላውን ነገረኝ። የፍየሉ ጸጉር እንደ መርፌ ጨርቅ ስለሚበሳ ተለቅሞ ይውጣ፤ የቀረው ይታጠብ፣ በጣት ይፈልቀቅ፣ በሻሽ ይጠቅለል፤ ከሻሹ በላይ አቡጀዲ ይልበስ፤ ከዚያ ሱፉ ወደ አንድ ጥግ እንዳይሸሽ መዳፍ በመዳፍ በሆኑ አራት ማዕዘኖች ይሰፋ። ይህን ሁሉ ሰማሁ። በምን ዓይነት ውሃ እንደሚታጠብ ግን አልጠየቅሁም።

የፍየሉን ጸጉር ለቅሜ ካወጣሁ በኋላ የቀረውን ሱፍ ግማሹን በርሜል ውስጥ ጨምሬ ውሃ አፈላሁበትና በእንጨት አማሰልኩት። ሳወጣው ሱፍ መሆኑ ቀርቶ እንደ ጫማ ገበር ተጣብቋል። ተማሪው ለአባቴ ውሃ ሊቀዳ ወጥቶ አየኝ።

“ምነው አያ፣ ቀቅለው ሊያበሉን ነው?”

“ቆሻሻው እንዲለቅ ብዬ ነው።”

“ለቋል። ሱፉም አብሮ ለቋል።” አንዱን ጓል አንሥቶ አናቱ ላይ አደረገው። “ይቺ ቆብ ይወጣታል። ሸጋ ቆብ።”

“ሳቅህን ጨርስና ወይ ተቀመጥ ወይ ሂድ” አልኩት።

ተቀመጠ። ያልታጠበውን ግማሽ ወደራሱ ሳበና በቀዝቃዛ ውሃ ነከረው፤ ሳያሸው እየጫነ አወጣው። ፀሐይ ላይ አሰጥተን፣ ከሰዓት በኋላ ሁለታችንም ከየክምራችን ፊት ተቀምጠን መፈልቀቅ ጀመርን። የሱ እንደ ጉም እየተነፋ ክምሩ ከፍ አለ። የኔ ጓል ሲላቀቅ ጉጥ ይሆናል፤ ጉጡ ሲላቀቅ ይበጠሳል። ጭጎጎት ጣቱን ወግቶት ሲጠባው ደስ አለኝ።

እየፈለቀቀ ዳዊቱን በቃሉ ይወርድ ነበር። የአባቴ አልጋ ከመስኮቱ ሥር ነው፤ መስኮቱም ክፍት ነው። ሲስት ከውስጥ “ተመለስ” ይሉታል። “ያችን ተዋት፣ ከላይ ጀምር።” “አትሩጥባት።” እሱ ይመለሳል፣ ይጀምራል፣ ይዘገያል። የኔና የአባቴ ወሬ በዚያው ሳምንት ምን እንደነበር አስታወስኩ። ምሳ በሉ? በላሁ። ጉልበትዎስ? አለ፣ ደኅና ነው።

አንድ ቦታ ላይ ተማሪው ቆመ። እሾህ ሲነቅል ሐሳቡ ሄዶ ይሁን ወይ ቃሉ ጠፍቶት አላወቅሁም። ከውስጥም ድምፅ የለም፤ ይጠብቃሉ። ቀጣዩ ቃል አፌ ላይ ነበር። ከልጅነቴ ወዲህ ያልነካሁት ነው፤ ከነዜማው መጣ፤ አልኩት።

“እሰይ፣ ልጄ” አሉ አባቴ ከውስጥ። “ቀጥል።”

ተማሪው አየኝ። እኔ ሱፉን አየሁ።

“ለእርስዎ ነው ያሉት አያ” አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

“ለአንተ ነው። አንተ ያልክ መስሏቸው ነው።”

“የኔታ?” ሳቀ። “ማኅሌት ላይ ስንት ሰው አንድ ላይ ሲያዜም ማን እንደሳተ በስሙ የሚጠሩ ናቸው። ድምፅ ይሳሳታቸዋል?”

ባለሥልጣን ፊት ቆሜ ከዚህ የከበደ ጥያቄ ጠይቄ አውቃለሁ። መስኮቱ ከተቀመጥኩበት ሁለት እርምጃ አይሆንም። አልጠየቅሁም። ልጄ የሚለው ቃል የሱ ከሆነ እኔ ነኝ የሠራሁለት፤ የኔ ከሆነ ደግሞ በሱ ቦታ ተቀምጬ ነው ያገኘሁት። ሁለቱም አልጣመኝም። ተማሪው ካቆመበት ቀጠለ፤ እኔም ጉጤን መፈልቀቅ ቀጠልኩ።

በማግስቱ ሰፋነው። ሁለቱን ክምር አልቀላቀልኩም፤ በአንድ በኩል የሱን፣ በሌላው የኔን ሞላሁ። ማን የቱን እንደሠራ እንዲለይ ፈልጌ ነበር፤ ሲያልቅ ግን መለየቱ ለኔ አልበጀም። የሱ ወገን ከዳር እስከ ዳር ለስላሳ ነው። በኔ ወገን አቡጀዲው ላይ ጉጡ ከሩቅ ይታያል።

የአባቴ ዓይን ስለደከመ በእጃቸው ነው ያዩት።

“ጋዜጠኛው፣ ይህ ምንድን ነው?”

“ብርድ ልብስ ነው አባባ። በሱፍ የተሞላ።”

“ድሪቶ ነው እንጂ” አሉና ፈገግ አሉ። “ጥሩ ድሪቶ ነው።”

በዚያ ሳምንት ሌት ሌት ለበሱት። የቻይናው ብርድ ልብስ ወደ ሳጥን ተመለሰ። ሐኪሙ መሄድ ይችላሉ ያላቸው ቀን፣ እዚሁ እንዲቀሩ ጠየቅኋቸው። ቀዝቃዛው አገር ለጉልበታቸው እንደማይሆን ሐኪሙ የተናገረውን ቃል በቃል ደገምኩላቸው።

“እዚህ ማንን ላስተምር?” አሉ።

“እኔን።”

ሳቁ። “አንተ ትቸኩላለህ።”

ቀጥለው ብርድ ልብሱን በክንዳቸው ለኩ። “ለመደቤ ሰፊ ነው። ለሁለት ቁረጠውና አንዱን ለልጄ ስጠው። እኔ ደበሎውን ስወስድበት እሱ ሲንቀጠቀጥ ከርሟል።”

አልቆርጥም ማለት አማረኝ። ለእሱ አልነበረም የሰፋሁት። መቀሱን ግን አመጣሁ፤ ሁለቱ ሱፎች በሚገናኙበት ስፌት ላይ ቆርጬ ዳር ዳሩን ዘመዘምኩ። ሁለቱን ግማሾች አልጋቸው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። የማን የትኛው እንደሆነ እኔም አልነገርኳቸው፣ ተማሪውም አልተናገረ፣ እሳቸውም አልጠየቁ።

ለስላሳውን ዳሰሱና “ይህ ሸጋ ነው” ብለው ለተማሪው አቀበሉት። ሌላውን ጭናቸው ላይ ሳቡ። ጉጡን በአውራ ጣታቸው አንድ በአንድ ጫን እያሉ፣ መቁጠሪያ እንደያዘ ሰው፣ ረጅም ጊዜ ቆዩ።

“ይህ ለእኔ” አሉ።

በማግስቱ ጠዋት መናኸሪያ አደረስኳቸው። ወደ ደባርቅ የሚሄደው ሚኒባስ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሞላ። ተማሪው ከኋላ ወንበር ገባ። አባቴ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጠው ጉጥ የበዛበትን ግማሽ ጉልበታቸው ላይ ደረቡት።