ለጣልያኑ በር የተተከለው እሬት

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ብዙነሽ አንድ የወተት ጣሳ በሁለት እጇ ታቅፋ መጣች። ጣሳው ውስጥ እሬት ተክላለች፤ ቅጠሎቹ ከሥራቸው ጠቁረው፣ ለስልሰው፣ በጣሳው አፍ ላይ ተዘርረዋል።

"እማማ አስካለ፣ ምን በደልኩት? አንድ ቀን ሳላጠጣው ውዬ አላውቅም" አለችኝ።

"እሱ ነው የገደለው" አልኳት።

እሷ ሳቀች፤ እኔ ግን አልቀለድኩም። ጎሬ ድሮም ለእሬት የሚሆን አገር አይደለም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይከርማል፣ የግቢው ድንጋይ ሳይቀር ሽበት ያወጣል። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለመንግሥት ሥራ ተመድቦ ይዞኝ ከመጣ ጀምሮ እዚሁ ቀርቻለሁ፤ በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም እሬት አልተከልኩም። ብዙነሽ "እርስዎ ደግሞ የአበባ ነገር የት ተማሩ?" ስትለኝ በአንድ ቃል ልመልስላት ፈለግሁና አልሆነልኝም። የተማርኩት ኮምቦልቻ ነው። የተማርኩበትም ምክንያት የአባቴ አንገት ነው።

ጣልያን ደሴ ከገባ ሁለት ዓመት ግድም ሆኖት ነበር። እኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። አባቴ ቀድሞ የቤተ ክርስቲያን አትክልት ነበር የሚጠብቀው፤ ጌሾና ጎመን፣ ጥቂትም ኮክ። በኋላ ከፒያሳ ከፍ ብሎ ባለ አንድ ትልቅ ግቢ ውስጥ ለአንድ የጣልያን ሹም አትክልተኛ ሆነ። ሰውየውን ሁላችንም "ሲኞሩ" ነበር የምንለው። አጎቴ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ጫካ ገብቷል፤ ወንድሙ ጫካ የገባበት ሰው ደግሞ እየተጠራ ይታሰር ነበር፣ ታስሮ ሳይመለስ የቀረም አለ። አባቴን ከዚያ የጠበቀው ሲኞሩ ፈርሞ የሰጠው አንድ ቁራጭ ወረቀት ነው። እናቴ በቆዳ ሰፍታ እንደ ክታብ አንገቱ ላይ አሰረችለት። ሲታጠብ እንኳ አያወልቀውም።

የሲኞሩ ግቢ ውስጡ ያምር ነበር። ከበሩ ውጭ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው መሬት ግን ጠጠርና ገረጋንቲ ነው፤ ውሃው በአህያ ተጭኖ ስለሚመጣ ለዚያ አይተርፍም። ጽጌረዳ ተከለበት፣ ደረቀ። ሌላም ተከለበት፣ ደረቀ። አንድ ቀን ሲኞሩ ከኮምቦልቻ በመኪና ሲወጣ በገደሉ አፋፍ ላይ ያበበ ነገር አይቶ መጣና አባቴን ጠራው። አማርኛውን የተማረው ከቀን ሠራተኞች ነበር።

"ቀይ!" አለው። "እንደ ጦር የቆመ! ውሃ የለም፣ ሰው የለም፣ ድንጋይ ላይ ብቻ! እኔ በር ላይ እፈልጋለሁ። ብዙ።"

"እሬት ነው ጌታዬ" አለ አባቴ።

"ለገና" አለ ሲኞሩ። ቀጥሎ ጣቱን ወደ አባቴ አንገት ቀሰረ። "አበባ የለም፣ ወረቀት የለም።"

እዚህ ላይ ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ልንገር። በእኛ አገር ሙስሊሞቹ መቃብር ላይ እሬት ይተክላሉ። ማንም ሳያጠጣው ዓመት ከዓመት ለምለም ሆኖ ስለሚቆም ነው። ከሩቅ ሁለት ረድፍ እሬት ያየ መንገደኛ እዚያ ሰው ተቀብሯል ብሎ ያልፋል፤ ደግ ሰው ከሆነም ቆም ብሎ ዱዓ ያደርጋል። ይኼን ደሴ ውስጥ የማያውቅ ሲኞሩ ብቻ ነበር። "ለምን አልነገርከውም?" ብዬ አባቴን ጠየቅሁት። "እሱ የጠየቀኝ ቀይነቱን ነው" አለኝ።

ነሐሴ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው አህያ ይዘን ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። ያን መንገድ የሄደበት ያውቀዋል፤ ከደሴ ጉምና ጭቃ ተነስተህ ቁልቁል ስትወርድ መጀመሪያ ጋቢህን ትከሻህ ላይ ትጥላለህ፣ ቀጥሎ አህያው ላይ ትጭነዋለህ፣ ቦርከና ስትደርስ ላብህን ትጠርጋለህ። ቆሏችንን ቆረጠምን፤ ከአንድ ማሳ ዳር ጥንቅሽ ሰጡንና እሱን እየመጠጥን ገባን።

አባቴ የሚያውቃቸው እመት ዘሀራ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። ቤታቸው ከመቃብሩ አጠገብ ነው፤ በግቢያቸው እሬት እያራቡ ሰው ለሞተበት ሁሉ ይሰጣሉ። ዋጋ አይቀበሉም። እኛን ሲያዩ ከመደባቸው ተነሱ።

"ውይ! ማን ሞተባችሁ?"

"ኧረ ማንም፤ ሁሉም ደህና ነው" አለ አባቴ። "ለበር ነው የፈለግነው።"

"ለምን በር?"

"ለጣልያኑ በር።"

እመት ዘሀራ አባቴን አዩት፣ አህያውን አዩት፣ እኔን አዩኝ። ከዚያ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ያለቀሱ መስሎኝ ነበር።

"በቁሙ?" አሉ ትንፋሻቸው ሲመለስ። "ወላሂ እሰጥሃለሁ! የፈለግኸውን ያህል ውሰድ!"

እሬት ከፍ ሲል ከሥሩ ልጆች ያወጣል። እመት ዘሀራ ቢስሚላህ እያሉ ልጆቹን ከእናቶቻቸው ለዩልን፤ የተለዩበት ቦታ እንደ ቁስል እርጥብ ነበር። "ሰባት ቀን ጥላ ሥር አስተኙት፤ ቁስሉ ይድረቅ። ውሃ የሚባል እንዳታሳዩት" ብለው ለእኔ ነገሩኝ፣ ምክንያቱም አባቴ የግቢው ሥራ ስለሚበዛበት የምተክለው እኔ ነበርኩ።

ሰማሁ። ግን ፍልሰታ ገባ። በየቀኑ ከቅዳሴ ስመለስ ጥላ ሥር ተኝተው ቅጠላቸው ሲጨማደድ አያለሁ። የአባቴ አንገት በዓይኔ ይመጣብኛል። በሦስተኛው ቀን አላስቻለኝም፤ ወስጄ ተከልኳቸው። ደግሞም ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ባዶ እጁን የሚመለስ ማን ነው? በቅል ጸበል እያመጣሁ ጠዋት ጠዋት በእያንዳንዳቸው ራስ ላይ በስመ አብ ብዬ አፈስስ ነበር። የዛሬ ሞኝነቴ አይደለምና አላፍርበትም፤ ጸበል ያድናል እንጂ ይጎዳል ብሎ ያስተማረኝ ሰው አልነበረም።

ለመስቀል ሁለቱም ረድፍ ጠቁሮ ተኛ። አንዱን ስስበው መሐሉ ብቻ እየሸተተ እጄ ላይ መጣ። አባቴ አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

"ምን ሰጠሽው?"

"ጸበል።"

ክታብ መሰሉን ነገር አንገቱ ላይ አስተካከለና "ከእንግዲህ ጸበሉን ለእኔ አምጪልኝ፤ የታመምኩት እኔ ነኝ" አለ። ቀልድ ነበር፤ ድምፁ ግን የቀልድ አልነበረም።

ጥቅምት እንደገባ ጨው ከሚያመላልሱ ዘመዶቻችን ጋር ተጠግቼ እንደገና ወረድኩ። ለእመት ዘሀራ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ጸበሉንም ጭምር። አልተቆጡኝም።

"አንቺ ልጅ፣ አዘንሽለት" አሉኝ። "እሬት ውሃ አይደለም የሚፈልገው። ሲጠማው ነው ሥር የሚሰድ፤ ካጠጣሽው ምን ብሎ ይሰዳል?"

"ለገና ካላበበ አባቴን ይወስዱታል።"

"ትንንሾቹ አይደርሱልሽም።" ወደ መቃብሩ በኩል ዞር አሉ። "የጎለመሱ ልጆች ያሉት አንድ ቦታ ነው።"

ያ ቦታ የልጃቸው መቃብር ነበር። ከድር የሚባል አንድ ወንድ ልጅ ነበራቸው፤ ጣልያን ከመግባቱ በፊት በወባ ሞቷል። ራስጌው ላይ የቆመው እሬት ከእኔ ወገብ ይደርሳል፤ ዙሪያውን ልጆቹ ከበውታል። እኔ ወደ ኋላ አልኩ። የሰው መቃብር ነው፣ ያውም ለጣልያን በር። እመት ዘሀራ ግን ቢላዋውን በእጄ አስያዙኝ።

"አብሽሪ። እናቲቱን አትንኪያት፤ ልጆቿን ውሰጂ። ከድር ስስታም አልነበረም።"

በዚህ ጊዜ አላመኑኝም፤ ሰባቱን ቀን እዚያው እቤታቸው አቆዩኝ። የተቆረጠውን ቦታ አመድ ቀባሁት። ከጎጆው ጀርባ ድርቆሽ ላይ አስተኛኋቸው፣ ጠዋት ጠዋት አገላበጥኳቸው። በየቀኑ ቁስሉን በአውራ ጣቴ ያስነኩኛል። "እንዴት ነው?" "ይለሰልሳል።" "ይተኛ።" በሰባተኛው ቀን እንደ ተረከዝ ደረቀ። ክርስቲያን መሆኔን ስለሚያውቁ በዚያ ሁሉ ቀን ሥጋ አላቀረቡልኝም፤ የማሽላ ቂጣና ሽሮ እየሠሩ፣ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንድጾም እሳቸው ነበሩ የሚያስታውሱኝ። እኔ ስጸልይ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ እሳቸው ሲሰግዱ እኔ ወደ እሬቶቹ እወጣለሁ።

ደሴ ተመልሼ ከቦርከና ባመጣሁት አሸዋና በጠጠር ተከልኳቸው። ዝናብ ቢመጣ ውሃው መሐላቸው እንዳይቆም ትንሽ ዘንበል አደረግኋቸው። ከዚያ እጄን አጣምሬ ተቀመጥኩ። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ሥራ የለም፤ ቅጠላቸው ሲቀላ፣ ሲኮማተር፣ አባቴ ጠዋትና ማታ ሲያያቸው፣ እኔ ምንም አለማድረግ። ኅዳር ሲያልቅ አንዱን ነቅነቅ አደረግሁት፤ አልነቃነቅም አለኝ። ሥር ሰዷል። ታኅሣሥ በገባ በሳምንቱ ከመሐላቸው የአበባ ዘንግ መውጣት ጀመረ። የነሱ ገና ከእኛ ቀድሞ ይመጣል፤ የዚያን ዕለት ጠዋት ሁለቱ ረድፍ ቀልቶ፣ እንደ ጦር ቆሞ ነበር። ሲኞሩ የአባቴን ትከሻ መታ መታ አድርጎ "ብራቮ" አለ።

ደስታችን እስከ ገበያ ቀን ቆየ። ጠዋት አንድ ሽማግሌ እህል የጫነ አህያቸውን እየነዱ መጡ፤ እሬቱን አዩ፣ ቤቱን አዩ፣ ቆሙ። ሁለት እጃቸውን ዘረጉና ዱዓ አድርገው ፊታቸውን አበሱ። ከኋላ የመጡት ሁለት ሰዎችም ቆሙ።

"አላህ ይማረው" አለ አንዱ። "መቼ ነው የሞተው?"

"ገና ነው" አለ ሁለተኛው ፊቱ ሳይፈታ። "ቦታውን አዘጋጅተውለት ነው።"

እኩለ ቀን ሳይሆን ነገሩ ገበያውን ሁሉ አዳረሰ። መንገዱ የማይመቸው ሰው ሳይቀር ዞሮ እየመጣ በሲኞሩ በር ቆሞ እጁን ይዘረጋል። የሳቀ አንድም ሰው አልነበረም። ሲኞሩ ሰገነቱ ላይ ቆሞ ሲያይ ቆየና አባቴንና እኔን አስጠራን።

"እነዚህ ሰዎች ምን ያደርጋሉ?"

የአባቴ እጅ ወደ አንገቱ ሄደ። ሲኞሩ ወደ እኔ ዞረ።

"አንቺ ቤተ ክርስቲያን ትሄጃለሽ። አንቺ አትዋሺም። ምን ያደርጋሉ?"

መዋሸት አልፈለግሁም። እውነቱን ብናገር ደግሞ የአባቴ መጨረሻ ነው። የገና ጾም ላይ ነበርኩ። በልቤ እመቤቴን ጠርቼ አፌ ያመጣልኝን ተናገርኩ።

"ጸሎት ነው ጌታዬ። እዚህ ላረፈው ሰው ነው የሚጸልዩት።"

"ማረፍ" የሚለውን ቃል ሲኞሩ በደንብ ያውቀዋል፤ ቀኑን ሙሉ ሠራተኞቹን "ማረፍ የለም!" እያለ ነበር የሚጮህባቸው። ሌላ ትርጉም እንዳለው ግን የነገረው የለም። ፊቱ በራ።

"ላረፈው? እኔ ነኝ!" አለ ደረቱን እየመታ። "እኔ ነኝ እዚህ ያረፍኩት! ደህና ሰዎች ናቸው!" ከዚያም ወደ ሰገነቱ ጫፍ ወጥቶ እጁን አንስቶ ወደ መንገዱ ጮኸ። "አረፍኩ! እኔ ደህና አረፍኩ!"

"አሚን" አሉ ከታች ያሉት ሁሉ በአንድ ድምፅ።

አባቴ ፒያሳ ስንደርስ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፣ ሳቀ፣ ቀጥሎ እንባው መጣ፤ የትኛው እንደነበረ ልለይ አልቻልኩም። ወረቀቱ አንገቱ ላይ ቆየች። ሲኞሩም እንግሊዞች እስኪመጡ ድረስ በገበያ ቀን ሰገነቱ ላይ እየወጣ ማረፉን ሲያውጅ ኖረ፤ ከዚያ በደህና ተማርኮ ሄደ።

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው "አርባ ስግደት" አሉኝ፤ ሲናገሩ ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰገድኩ፤ ግን የዋሸሁ ይሁን ያልዋሸሁ ሳላውቅ ነው የሰገድኩት።

በዓመቱ ወደ ኮምቦልቻ ወርጄ ለእመት ዘሀራ ስነግራቸው ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም።

"ስንት ሰው ቆመ?"

"ብዙ፤ በየገበያው።"

"እጁን ዘርግቶ?"

"አዎ።"

"ከማን ራስጌ ያመጣሻቸው መሆናቸውን ረሳሽው እንዴ?" አሉኝ። "ዱዓው መንገዱን ያውቃል። የደረሰው ለከድር ነው።" ከዚያም እንባቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠርገው ምሳ ሊያቀርቡልኝ ተነሱ።

ዛሬ ጠዋት ጠዋት ያረፉትን በስም እጠራለሁ፤ አባቴን፣ እናቴን፣ ባለቤቴን። ከነሱ ቀጥሎ እመት ዘሀራንና ከድርን፤ የእኔ ጸሎት ለእነሱ ይሆን አይሆን ካህን ጠይቄ አላውቅም፣ መጠየቅም አልፈልግም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አንድ ሰው ጨምሬአለሁ። ያኔ እንኳ ጎልማሳ ነበር፤ በዕድሜ ብቆጥረው አሁን በሕይወት ሊኖር አይችልም። የክርስትና ስሙን ስለማላውቅ "ሲኞሩ" ብዬ ነው የማስበው። ይጸልዩልሃል ብዬው ነበር፤ ቢዘገይም፣ በአንድ ሰው ብቻ ቢሆንም፣ እውነት ሆኗል።