ሂና ያልነካው ጥፍር

ባለፈው እሁድ የልጅ ልጄ ሂክማ ከኮሌጅ መጥታ ቀኝ እጇን ሻርፗ ስር ከታ ተቀመጠች። ቦንቦሊኖ ባቀርብላት በግራዋ ተቀበለችኝ። ይሄስ ደህና አይደለም ብዬ ቀኟን ሳብ አደረግኩት። የአውራ ጣቷ ጥፍር ቢጫ ሆኖ ወፍሯል፤ ጫፉም ከሥጋው ለቋል። ክርኗ ላይ ያለውን ነጭ ቅርፊትማ ከእኔ ነው የወረሰችው።

«አኮ፣ ቅዳሜ ምርቃት አለብን። አርቴፊሻል ጥፍር ላስለጥፍበት ነው» አለችኝ። አኮ የምትለኝ አያቴ ማለቷ ነው።

ሳቄ መጣ። ጅማ አጠገብ ያለችው የወጣትነት ሰፈሬ የቡ ታወሰችኝ።

ያኔ ታጁን ላገባ ነው፤ የምንጠብቀው ቡናው ተለቅሞ እስኪያልቅ ብቻ ነበር። ጭቃው ደርቆ መኪና መግባት ሲጀምር ልቤ አብሮ ይዘል ነበር። ቀኑን ሙሉ ቀይ ቡና ስለቅም፣ ስፈለፍል፣ ሳጥብ እጄ አይደርቅም። ከተፈለፈለው ቡና ልጋግ ጣፋጭ ሽታ ጋር እተኛለሁ። ጥፍሮቼ ግን እየወፈሩ፣ እየተሰነጠቁ ሄዱ። አክስቴ ራህመት ቆሻሻ ነው ብላ ማታ ማታ በምላጭ ትፍቅልኛለች፤ በፋቀችው ቁጥር ይብስበታል።

ጭንቀታችን አዴ ከዲጃ ነበሩ፣ የታጁ እናት። በሰፈራችን ወግ ለሙሽራዪቱ ሂና የምትቀባት የባሏ እናት ናት፤ ጣት በጣት ይዛ። ያንን ጥፍር አይተው «በሽተኛ ለልጄ አላመጣም» ቢሉስ?

«ቀድመን በሂና እናጠቁረዋለን፤ ሲመጡ አጊጣ ጠበቀቻችሁ እላለሁ» አለች አክስቴ።

የቀበሌያችን ጤና ረዳት ግን ጅማ ሄጄ እንድታይ መከረኝ። ቡና በጫነ መኪና ከጆንያው ላይ ተቀምጠን ሄድን። ነፋሱ ሻሼን ሊወስደው ሲታገል አክስቴ ዱዓ ታደርጋለች፣ እኔ እስቃለሁ። መናኸሪያው በር ላይ የበላሁት ትኩስ ሳምቡሳ እስከዛሬ አፌ ላይ አለ።

ሐኪሟ ክርኔንም ጥፍሬንም አየች። «የቆዳሽ ሶሪያሲስ ይባላል፤ ጥፍርም ያበላሻል። ፈንገስ ተደርቦበት እንደሆነ ግን በዓይን አይለይም» ብላ ከጥፍሬ ቆርጣ አስመረመረችው። ተደርቦበት ነበር። «ፈንገሱ በመድኃኒት ይጠፋል፤ ወራት ይፈጃል። ሶሪያሲሱ ግን አብሮሽ ይኖራል። አትፋቂው፣ እያቆሰላችሁት ነው። አዲሱ ጥፍር ከሥሩ ሲመጣ እንዳየው ምንም አትቀቢው።»

ሌላው ቢደነግጥ ይደነግጥ፤ እኔ ግን በረርኩ። ለካ ስም አለው። እስከ የቡ ድረስ «ሶሪያሲስ፣ ሶሪያሲስ» እያልኩ አክስቴን አሰለቸኋት።

የሂናው ዕለት አክስቴ የሂናውን ሳህን ይዛ ጥፍርሽን ላጥቁረው ብላ ብትለምነኝ እምቢ አልኩ። አዴ ከዲጃ ገቡ፤ አውራ ጣቴን ያዙና ወደ በሩ ብርሃን አዞሩት። ዘፈኑ ቆመ።

«ይሄ ይጋባል?»

«የቆዳው አይጋባም፣ አዴ። የጥፍሩ ፈንገስ ግን ሊጋባ ይችላል። መድኃኒት ጀምሬያለሁ።»

ጣቴን ሳይለቁ ጥፍሩን አገላብጠው አዩት። አክስቴ ሳህኑን ልትጥለው ምንም አልቀራት።

«እንግዲያ የጥፍር መቁረጫሽን ለብቻሽ ያዢ። ጫማሽንም እንዲሁ» አሉ በመጨረሻ። ወደ አክስቴ ዞሩና «አንቺ ደግሞ ከዚህች ልጅ ላይ ምላጭሽን አንሺ። ቡና መላጥ መሰለሽ?» አሏት።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። መዳፌን እስከ አንጓዬ በሂና ሞሉት፤ አሥሩን ጥፍር ግን ባዶ ተዉት። «ሲያድግ ልየው» አሉ። እንዲያ ያለ ሙሽራ በየቡ ታይቶ አይታወቅም፤ እልልታው ግን አልጎደለም።

ከሰርጉ በኋላ ቤታቸው በሄድኩ ቁጥር ከሰላምታ በፊት የሚይዙት አውራ ጣቴን ነበር። የታመመው ጥፍር በአዲሱ ተገፍቶ ተገፍቶ ወጣ። ጉድጓድ ጉድጓዱ እስካሁን አለ፤ ያ የሶሪያሲሱ ነው፣ ተላምደናል።

ሂክማ ይህን ሰምታ «እና ቅዳሜ በዚህ ጥፍር ልመረቅ?» አለችኝ።

«ሰኞ አስመርምሪው፤ ቅዳሜ በባዶው ተመረቂ።»

እያጉረመረመች ሄደች፤ ሰኞ ግን ተመርምራ ደወለችልኝ። ትናንት መጥታ ሳትስመኝ፣ ገና ከደጃፉ፣ ምንም ያልተለጠፈበትን ቀኝ አውራ ጣቷን ራሷ ዘረጋችልኝ።