የዘነቡ የማር ጠርሙስ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴ አብራኝ አርጅታ፣ ሳትሰማው አለፈች። ልጆቼ አያውቁትም። ከመስጊድ ስወጣ ክንዴን ደግፈው የሚሸኙኝ ጎረቤቶቼም አያውቁትም። እኔ ብቻ አውቀዋለሁ፤ ብቻዬን ማወቁ ደክሞኛል። እናንተ የምታነቡት ፊቴን አታዩትም፤ ስለዚህ ለእናንተ ልናገር።

በመካነ ሰላም ገበያ ዳር የዕቃ ሱቅ ነበረኝ። ብርጭቆ፣ ብርሌ፣ ሲኒ፣ ድስት፣ ትሪ፣ አዲስም ያገለገለም እሸጣለሁ። ሥራውን ያስተማረኝ ደሴ ይነግድ የነበረ አጎቴ ነው። ጠርሙስ ሲሰጡኝ መጀመሪያ አፉን በጣቴ እዳስሰዋለሁ። በማሽን የተሠራ ከሆነ ጎኑ ላይ ያለው የመጋጠሚያ መስመር እስከ አፉ ድረስ ይወጣል። ሰው በአፉ እየነፋ የሠራው ከሆነ መስመር የለውም፤ ሲገለብጡት መቀመጫው ላይ እንደ እትብት ያለ ጠባሳ አለው፤ ወደ ፀሐይ ሲይዙት ደግሞ ውስጡ እንደ ሰሊጥ የደቀቁ አረፋዎች ይታያሉ። ይህን የሚያውቅ በአገሩ ከእኔ ሌላ አልነበረም። ሰው በዕቃ ሲጣላ፣ «ይማምን ጥሩት፣ የይማም ዐይን አይስትም» ይባል ነበር። እኔም ይህን ስሰማ ደረቴን እነፋ ነበር።

በዚያ በክፉው ቀን፣ ረሃቡ ሲጠና፣ ከወግዲ በኩል የሚመጣው ሰው መጀመሪያ ከብቱን ሸጠ፤ ከብቱ ሲያልቅ የወጥ ቤት ዕቃውን እየተሸከመ መጣ። በርካሽ ገዛሁ። ያም ወንጀል ነው ትሉኝ ይሆናል፤ ነው። ዛሬ የምናዘዘው ግን ሌላውን ነው።

አንድ የገበያ ቀን ሚስቱንና ልጆቹን ያስከተለ ሰው ክዳን ያለው ትልቅ የማር ጠርሙስ ይዞ ሱቄ በር ላይ ቆመ። እኔ ዋጋ ለመስበር ፊቴን አዙሬ ዝም አልኩ። በዚያ መሀል ዘነቡ መጣች። ዘነቡ የአገራችን ባላባት ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ ሽባ እናቷን የምትጦር፣ ባልም ልጅም የሌላት ሴት። የወር ቀለቧን ገብስ በስልቻ ተሸክማ ወደ ቤቷ እየሄደች ነበር። ሰውዬውን አየች፤ ልጆቹንም አየች። ከዚያ ስልቻውን አወረደች።

«ጋሽ ይማም፣ እስቲ ይዩልኝ፤ ደኅና ዕቃ ነው?» አለችኝ።

ተቀብዬ ገለበጥኩት። «በአፍ የተነፋ ነው፤ ይኸው እትብቱ። የድሮ ዕቃ ነው እታለም፤ ዛሬ እንዲህ ያለ አይመጣም» አልኳት። ጣቷን ይዤ ጠባሳውን አስነካኋት። ሳቀች።

ጠርሙሱን ወስዳ ገብሱን ከግማሽ በላይ ሰጠቻቸው። ሴትዮዋ ጉልበቷን ልትስም ስትጎነበስ ዘነቡ አፍራ ሸሸች። እኔ በር ላይ ቆሜ ይህን ሁሉ አየሁ። አየሁ! ይህን ቃል ያዙልኝ።

አብዮቱ መጣ። የመሬት አዋጁ ሲወጣ ባላባቱ ሸፈተ። ሚስቱ አገር ለቃ ከመሄዷ በፊት ወደ እኔ ላከችብኝ፤ ባላባቱ ግብር ሲያበላ ሰው ሁሉ ያያቸውን ባለ ወርቅ ቅብ ብርሌዎችና ትልቁን የመዳብ ትሪ በማይሆን ዋጋ ሸጠችልኝ። በጭድ ጠቅልዬ ከሱቄ ጓዳ፣ ከባዶ ጆንያ ሥር ከተትኳቸው። ብዙም ሳይቆይ የባላባት ንብረት የደበቀ ከባላባቱ እኩል ይጠየቃል ተባለ። መመለስ እችል ነበር። ስገዛ እንዲህ ያለ ትእዛዝ አልነበረም ብዬ መናገርም እችል ነበር። አልመለስኩም። ፈራሁ፤ ደግሞም ዕቃዎቹ ያምሩ ነበር።

የገበሬ ማኅበሩ ኮሚቴ የባላባቱን የቤት ዕቃ በሐራጅ ሊሸጥ ሲነሳ፣ ዕቃ ለይ ተብዬ እኔ ተጠራሁ። ግቢው ውስጥ ሰሌን ተነጥፎ ማሰሮው፣ ብርጭቆው፣ ሳህኑ፣ ጠርሙሱ ተደርድሯል። እያነሳሁ፣ «ይህ የጣሊያን ጊዜ ነው፤ ይህ የአዲስ አበባ ሱቅ ነው፤ ይህ ተሰንጥቋል፣ እንዳትገዙት» እላለሁ። ገበሬው ያምነኛል። ድንገት አንዱ የኮሚቴ አባል፣ «ብርሌዎቹ የታሉ? ትሪውስ?» አለ። እጄ ላይ የነበረውን ሳህን እንዳልጥለው ቀስ ብዬ አስቀመጥኩት። ሊቀመንበሩ፣ «ቤት ለቤት ይፈተሽ። ከሱቆቹ ጀምሩ» አለ።

ያኔ ነው አንድ ሰው፣ «ከሱቅ በፊት ወጥ ቤቷን አትጠይቁም ወይ?» ያለው። እኔ አይደለሁም ያልኩት። ሲባል ግን ደስ አለኝ፤ ይህንንም ተናዘዝኩ።

ወደ ዘነቡ ጎጆ ሄዱ። ብርሌ አላገኙም፤ ትሪ አላገኙም። የማር ጠርሙሱን አገኙ። እሷንም ጠርሙሱንም ይዘው መጡ። ሊቀመንበሩ፣ «ይህን የመሰለ ዕቃ አንቺ ከየት አመጣሽ?» አላት።

እኔን እንዳየችኝ ፊቷ በራ። በዕድሜዬ ሙሉ እኔን አይቶ እንደዚያ የተደሰተ ሰው አላውቅም። «እፎይ! ጋሽ ይማም እዚህ አሉ። እሳቸው ያውቁታል። ከእሳቸው በር ላይ ነው የገዛሁት፤ እሳቸው ናቸው ያዩልኝ። ይንገሯቸው እንጂ ጋሼ!» አለች።

ጠርሙሱን ሰጡኝ። ገለበጥኩት። እትብቱ አለ፤ አረፋዎቹ አሉ። ሰሌኑ ላይ የባላባቱ ጠርሙሶች ተደርድረዋል፤ ሁሉም የማሽን ናቸው፤ ሕፃን እንኳ ጣቱን ቢያስነኩት መስመሩን ይለያል። ይህ የሷ ነው ብል ምን ይከተላል? ፍተሻው ይቀጥላል፤ ወደ ሱቆቹ ይመጣል፤ ወደ ጓዳዬ ይገባል። ይህን ሁሉ ለማሰብ ስንት ጊዜ ፈጀብኝ? ምንም። ሰው ክፋቱን ሲያስብ እንዴት ይፈጥናል!

«የቤቱ ዕቃ ነው፤ ከእነዚህ ጋር አንድ ነው» አልኩ። ደግሞም ማንም ማል ሳይለኝ፣ «ወላሂ» ብዬ ጨመርኩበት።

ዘነቡ አልጮኸችም። ቀስ ብላ፣ «ጋሼ፣ ይገልብጡት እስቲ፤ እትብቱን ይዩት» አለችኝ። እኔ ያስተማርኳትን መልሳ ለእኔ አስታወሰችኝ። «አይቼዋለሁ» አልኩ።

ሊቀመንበሩ፣ «እንግዲያ ይህን ያወጣች ሌላውንም ያወጣች እሷ ናት፤ ሸጣዋለች» አለ። ፍተሻው በዚያው ቀረ።

ከከተማ የመጣ አንድ ዘማች ተማሪ ነበር። ወደ ዳር ሳብ አድርጎ፣ «አባባ፣ ሴትየዋ የምትዋሽ አትመስልም። እርግጠኛ ነዎት? ተሳስቼ ሊሆን ይችላል ቢሉ ይለቋታል» አለኝ። ይኸው፣ በር ተከፈተልኝ። ዋሸሁ ማለት እንኳ አያስፈልገኝም ነበር፤ ተሳሳትኩ ብቻ። «አንተ ልጅ፣ ዕቃ ስለይ ያረጀሁ ሰው ነኝ» ብዬ ተቆጣሁት። አፍሮ ሄደ። ከዚያ ሐራጁ ቀጠለ፤ ጠርሙሱንም አንስቼ፣ በዚያው ድምፄ፣ «የድሮ ዕቃ ነው፣ በአፍ የተነፋ፣ እንዲህ ያለ አይገኝም» ብዬ አስተዋወቅሁት። አንድ የደጎሎ እህል ነጋዴ ገዛው። የተናገርኩት እውነት ጠርሙሱን ከሌሎቹ የባላባቱ ዕቃዎች እንደሚለየው ማንም ልብ አላለም። ዘነቡ ግን ገና ከግቢው አልወጣችም ነበር፤ ሰምታኛለች።

የባላባቱ ጎተራ እስር ቤት ሆኖ ነበር፤ እዚያ አስገቧት። ክረምቱ ገብቶ እስኪወጣ ቆየች። እናቷን መጀመሪያ ጎረቤት እየተቀባበለ አበላት። በኋላ ግን የአድኃሪ ወገን ረዳችሁ እንዳይባሉ እግራቸው ቀጠነ። እኔ አንድ ቀን ዳቦ ይዤ እስከ ደጇ ሄድኩ። ከውስጥ፣ «ዘነቡ፣ መጣሽ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዳቦውን ከደጁ ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ተመለስኩ። ከአልጋዋ መነሳት የማትችል ሴት፣ ዳቦ በደጅ! ይህን ሳስታውስ ከሐሰቱ ይልቅ ይህ ያቃጥለኛል።

እናቷ ሞተች። ዘነቡ እንድትቀብር አልፈቀዱላትም። እንደ አገራችን ወግ ክርስቲያኑም እስላሙም ወጣ፤ እኔም ወጣሁ። አካፋ ይዤ አፈር መለስኩ። ሰው፣ «ይማም ደግ ሰው ነው» አለ።

ስትፈታ ከስታ፣ ጠቁራ፣ በቀጥታ ወደ ሱቄ መጣች። ትረግመኛለች ብዬ ቆምኩ። እርግማኑን ፈልጌው ነበር መሰለኝ።

«ጋሽ ይማም» አለች፣ ከበሩ ሳታልፍ፤ «ብዙ አሰብኩበት። ያን ቀን ዕቃው ብዙ ነበር፤ ፀሐዩም ከባድ ነበር። የገበያውን ቀንም ረስተውት ነው። በኋላ ሐራጁ ላይ ዕቃውን በደንብ ሲያዩት ትዝ ብሎዎት፣ ከአፍ የወጣ ነገር ሆኖ መመለስ አቅቶዎት ነው። የሰው ዐይን ይሳሳታል። አውቀው አደረጉት ብዬ ግን አላስብም። አፉ ብዬዎታለሁ።»

አውቄ ነው ዘነቡ፣ ልል አፌን ከፈትኩ። ጓዳው ከኋላዬ ነበር፤ ጭዱ ይሸተኛል። «አላህ ይስጥሽ» አልኩ። ይኸው ነው ያልኩት። ያልሠራሁትን ስሕተት ይቅር ስትለኝ፣ ይቅርታዋን ተቀብዬ ወደ ኪሴ ከተትኩ። ከዚያም አንድ ብርጭቆ ልስጥሽ አልኳት። «የለም፣ ዕቃ አያምረኝም» አለች።

ብርሌዎቹንና ትሪውን ነገሩ ሲረጋ ለደሴ ነጋዴ ሸጥኳቸው። ልጆቼ በልተውበታል። ዘነቡ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖረች፤ ጠላ እየሸጠች፣ በሱቄ በር እያለፈች፣ «እንደምን አደሩ ጋሼ» እያለች። አንድ ቀን አንድ ሰካራም በዚያ ነገር ሲሰድበኝ፣ «ተዋቸው፤ ተሳስተው ነው» ብላ ገሥጻዋለች አሉ። በየማለዳው ልነግራት እችል ነበር። በየማለዳው፣ «ደኅና፣ አንቺስ?» አልኩ። ስትሞት ሰው እንደ ወንድሟ አጽናናኝ።

ሰበብ ላቅርብ? ጊዜው ክፉ ነበር፣ ሰው ሁሉ ፈርቶ ነበር ልበል? ዘነቡም በዚያው ጊዜ ነው የኖረችው፤ እሷ በክፉው ቀን ስልቻዋን አወረደች። ዕድሜዬን ልቁጠርላችሁ? አርጅቻለሁ፣ ደክሞኛል፤ ድካም ግን ንስሐ አይደለም።

ዘነቡ ይቅር ያለችው ዐይኔን ነው። ዐይኔ አልተሳሳተም። እኔን ይቅር ያለኝ ሰው የለም፤ እናንተም እንዳትሉኝ።