ወፍጮው ሲነሳ የምትጠወልገው እንሰት

መሥሪያ ቤታችን ኮምፒውተር ባገኘበት ጊዜ ሆሳዕና ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ይኑር አይኑር አላውቅም። እኛ ግን የለም ብለን ደመደምን፤ ከሁላችንም በላይ የደመደሙት ኃላፊያችን ነበሩ። ማሽኑ ለእርሻ ሥራ በእርዳታ የመጣ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስታትስቲክስ ስለተማርኩ አዲስ አበባ አጭር ሥልጠና ወስጄ እንድይዘው ተመደብኩ። በመሥሪያ ቤታችን የሰኞ ውይይት ላይ እንኳ እጄን ማውጣት ስለምፈራ፣ ከሰው ይልቅ ከማሽን ጋር መዋሉ ተስማማኝ።

ስክሪኑ ጥቁር ነው፤ የሚጻፍበት ሁሉ አረንጓዴ። ሌላ ቀለም የለውም። ስለ ጥራቱ ግን ሁሉም ሰው የየራሱ አስተያየት ነበረው። ኃላፊያችን "ዓይን ያሳርፋል፤ ልክ የሌሞን ገበሬ ማሳ በክረምት እንደማየት ነው" ይሉ ነበር። ባለቤታቸው የሠሩለትን ዳንቴል አምጥተውም አለበሱት። የዳንቴሉ ጫፍ የመጀመሪያውን መስመር ስለሚሸፍን እሳቸው ሲወጡ ወደ ላይ እሰበስበዋለሁ፤ ኮቴያቸውን ስሰማ እመልሰዋለሁ።

ታይፒስታችን ደግሞ በሩ ላይ ቆማ ዓይኗን አጥብባ ታየዋለች።

"ቴሌቪዥን ቢሆን ሰው ይታይበት ነበር። እዚህ ላይ ምን ይታያል?"

"ቁጥር" እላታለሁ።

"ቁጥርማ ወረቀት ላይም አለ፣ የኔ እህት። ያውም ሳይንቀጠቀጥ።"

ነገሩ ስለቆጨኝ አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ የኮከብ ምልክት እየደረደርኩ እንሰት ሠራሁ፤ ግንዷ ወፍራም፣ ቅጠሎቿ ወደ ላይ የተዘረጉ። ታይፒስታችን አየቻትና "ይቺስ ትሁን" አለች። ከእሷ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነበር።

ችግሩ ወፍጮው ነው። ከአጥራችን ጀርባ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ወፍጮ ቤት አለ። ሞተሩ ሲነሳ የመብራቱ ኃይል ስለሚወርድ ምስሉ ከግራም ከቀኝም ይጠብና ጎኑ ይጎብጣል፤ የእንሰቷም ቅጠሎች ይታጠፋሉ። በገበያ ቀን፣ የገጠሩ ሰው በጋሪ እህል ጭኖ ሲገባ፣ ምስሉ ቀኑን ሙሉ እንደተጨማደደ ይውላል።

ታዲያ ከዋናው መሥሪያ ቤት ሰው መጥቶ ማሽኑን እንደሚያይ ተነገረን። እዚህ በደንብ ካልሠራ ወደ ሌላ አውራጃ ይሄዳል። ማሽኑ ከሄደ የእኔ ቦታ መዝገብ ቤት ነው፤ ቀኑን ሙሉ በመስኮት ከባለጉዳይ ጋር መጯጯህ። ይህን እያሰብኩ ነበር የምተኛው። እንግዳው የመጡት ደግሞ በገበያ ቀን ነው።

ኃላፊያችን ሻይ ጋበዟቸውና በጎን ወደ እኔ መጡ። "ምስሉ ሙሉ ሆኖ ይታያቸው። እንዴት እንደሚሆን አንቺ ታውቂያለሽ።"

አላውቅም ነበር። በጓሮ በር ወጥቼ ወፍጮ ቤት ገባሁ። ባለወፍጮው ከጸጉሩ እስከ ጫማው ዱቄት ለብሷል። ወፍጮውን ለጥቂት ጊዜ እንዲያቆምልኝ በቀስታ ነገርኩት፤ አልሰማኝም። ጮክ አልኩ፤ ጆሮውን አስጠጋ። በመጨረሻ ባለ በሌለ ኃይሌ መጮህ ጀመርኩ፤ ለካ እሱም እኔን ለመስማት ብሎ ማጥፊያውን ተጫነው። ወፍጮው ጸጥ ባለበት የእኔ ድምፅ ብቻ ቀረ።

"ምስሌ ተጨማደደብኝ!"

ወረፋ የያዙት ሴቶች በሙሉ ዞሩ።

"የምን ምስል?" አለች ከፊት የነበረች የሌሞ ሴት፣ የገብስ ጆንያዋን ተደግፋ። "እኛ ምስል አናመልክም።"

ሳቁ ሲበርድ "ትንሽ ጊዜ ብቻ ነው፣ እትዬ" አልኳት። "እንግዳ መጥቶብን ነው።"

"ለእንግዳማ እንታገሳለን። ግን እኛም እናያለን።"

"እኔን ማን ጠየቀኝ?" አለ ባለወፍጮው።

"አንተ ዱቄትህን አራግፍ" አለችውና ተከተለችኝ። ሌሎቹም ተከተሉ።

ክፍሏ በሴቶች ሞላች። እንግዳው ከስክሪኑ ፊት ተቀምጠው ዘወር አሉ። "እነዚህ ደግሞ እነማን ናቸው?"

ኃላፊያችን መልስ አያጡም። "ሰፊው ሕዝብ ነው፣ ጓድ።"

ይህን ማን ሊቃወም ይችላል? ቁጥሮቹን አወጣሁ። ከዳር እስከ ዳር ሙሉ ናቸው። እንግዳው በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሴቶቹ ግን ማዛጋት ጀመሩ፤ ታይፒስታችን "እንሰቷን አሳዪያቸው እንጂ" ብላ በጆሮዬ አንሾካሾከች።

እንሰቷ ስትወጣ ክፍሉ በሃዲይኛ ተንጫጫ። የሌሞዋ ሴት ጎንበስ ብላ መረመረቻት።

"ግንዷ ገና ነው፤ ለቆጮ አትፋቅም።"

"ፍግ አላገኘችም" አለች ሌላዋ።

"ከብት ከማይታሰርበት ከድንጋይ ቤት ጓሮ ምን ፍግ ይገኛል?" አለች ሦስተኛዋ።

በዚሁ መሀል ባለወፍጮው ታከተው መሰለኝ ሞተሩ ተነሳ። ምስሉ ከሁለቱም ጎን ተሰበሰበ፤ ቅጠሎቹ ወደ መሃል ታጠፉ።

"ውይ! ታመመች!" አለች የሌሞዋ ሴት። "ይኼ በሽታ በእኔም ጓሮ ገብቷል።" ከዚያ ወፍጮውን ሰማችና ደነገጠች። "ወረፋዬ! ይቺ ልጅ ለእርስዎ ብላ ባታስቆምብን ይሄኔ ፈጭቼ ሄጃለሁ!" ብላ እንግዳውን ወቅሳ ወጣች። ሌሎቹም ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ተከተሏት።

ኃላፊያችን ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

"ወፍጮውን አስቆምሽ?" አሉኝ እንግዳው።

"አዎ።"

"በየቀኑ እንዲህ ይሆናል?"

መዝገብ ቤቱ፣ ያ መስኮት፣ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። እንዴት እንደጀመርኩ አላስታውስም። ጠዋት የገጠሩ ሰው እስኪደርስ ምስሉ ሙሉ እንደሆነ፣ ባለወፍጮው ምሳ ሲሄድም እንደዚያው እንደሆነ፣ ከባድ ዝናብ ሲጥል ማንም እህል ይዞ እንደማይወጣ ነገርኳቸው። "ምስሉ ነው እንጂ የሚጠበው፣ ቁጥሩ አይለወጥም" አልኩ። ከዚያ ቁጥሮቹን መልሼ አወጣኋቸው። ጠበዋል፣ ጎብጠዋል፣ ግን እነዚያው ናቸው።

እንግዳው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ብዙ አነበቡ።

"ይነበባል" አሉ በመጨረሻ። "እዚሁ ይቆይ። ኃይል የሚያስተካክል ዕቃ አለ፤ እንልክላችኋለን።" ከዚያ የዳንቴሉን ጫፍ በሁለት ጣት አነሱ። "ይኼን ግን አውርዱት። የላይኛውን መስመር ከልክሎናል።"

ኃላፊያችን ዳንቴሉን እንደ ሰንደቅ ዓላማ አጥፈው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

ዕቃው ቶሎ አልመጣም። እስኪመጣ ከወፍጮው ቀድሜ እየገባሁ ሠራሁ። በገበያ ቀን ግን የሌሞዋ ሴት ወረፋዋን ለጎረቤት አስይዛ መስኮቴን ትመታለች፤ እኔም ተነስቼ እከፍትላታለሁ።

"እንሰቷ ተሻላት?"

"ጠዋት ጠዋት፣ ወፍጮው ሳይነሳ፣ ደህና ናት፣ እትዬ።"

"አሁንስ?"

ስክሪኑን ወደ መስኮቱ አዞርላታለሁ።

"አይ" ትላለች ጆሮዋን ወደ ወፍጮው አዙራ፣ "አሁን የሚፈጨው ስንዴ ነው፤ እሱ አይስማማትም። የእኔ ገብስ ሲገባ ትድናለች።"