ያለሰለስኩት ቃል

በእንግሊዝኛ አስተማሪነቴ ስኮራ ነው የኖርኩት። ሆጤ ሰፈር ጎረቤቱ ሁሉ የመድኃኒትም ይሁን የሥራ ወረቀት ይዞ እኔ ዘንድ ይመጣል። አባቴም ከኩታበር መጥተው ደሴ ሲመረመሩ ሐኪሙ «ልጅዎ ታስረዳዎታለች» ብሎ ሸኘን።

ፒያሳ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ወረቀቱን አነበብኩት። ስለ ጉበታቸው በሽታ ከተጻፈው መሃል አንድ ቃል ዓይኔን ያዘው፦ ኢንኤክሰረብል። ብዙ ሰው የማይጠቀምበት ቅጽል ነው። ቢለምኑትም ቢያለቅሱበትም ከመንገዱ ለማይመለስ ነገር፣ ለእርጅና ወይም ለሞት ይባላል። ለተማሪዎቼ «ሽማግሌ ቢልኩበት የማይሰማ ማለት ነው» እያልኩ ነበር የማስረዳው።

«ምን ይላል ልጄ?» አሉኝ።

«ቀስ ብሎ የሚድን ነው ይላል።»

ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

አባቴ ትክ ብለው አዩኝ። «እውነቱን ንገሪኝ፤ ወላሂ አልደነግጥም። የምሄድ ከሆነ ወንድሜን አውፍ በለኝ ሳልለው አልሄድም።»

ከታናሽ ወንድማቸው ጋር በመሬት ወሰን ተጣልተው ሰላምታ ካቋረጡ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። እኛ ዘንድ ሞቱን ያወቀ ሰው የበደለውን ሁሉ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ይላል፤ የሰው ሐቅ ተሸክሞ መሄድ ያስፈራል። አጎቴ ደግሞ ሩቅ አልነበሩም፤ ኮምቦልቻ ነው የሚኖሩት። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን ለገዛ አባቴ መርዶ ነጋሪ መሆን ፈራሁ።

«ጊዜ አለዎት፣ አባ። አጨዳው ይለቅና ይታረቃሉ» አልኳቸው።

«እንግዲያው ከአጨዳ በኋላ» አሉና ሻያቸውን ደስ ብሏቸው ጨረሱ። አመኑኝ፤ የተማረች ልጃቸው አይደለሁ?

አጨዳው አላለቀም። መጨረሻ ላይ ሁለት ቀን ምላሳቸው ታስሮ፣ በር በሩን እያዩ አረፉ። በር በሩን የሚያዩት ማንን ፈልገው እንደሆነ ከእኔ በቀር የገባው አልነበረም።

አጎቴ የደረሱት ከቀብር በኋላ ነው። አጠገቤ ተቀምጠው «እንደሚሞት አያውቅም ነበር?» አሉኝ። «ቢያውቅ ይልክብኝ ነበር። እኔም እሱ እስኪልክብኝ ነበር የምጠብቀው።»

«ወረቀቱን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። እውነቱን ደበቅኳቸው» አልኩና ጉልበታቸው ላይ ወደቅኩ። «አውፍ በሉኝ።»

አጎቴ ከጉልበታቸው ቀና አደረጉኝ።

«አንቺንስ አውፍ ብዬሻለሁ» አሉ። «እኔን ማን አውፍ ይበለኝ?»