የአራተኛው ጉድጓድ ዳገት

ጎልፍ መጫወት የተማርኩት በጃንሆይ ዘመን፣ ከይርጋጨፌ በላይ ኮረብታ ላይ በነበረ አንድ የሚሲዮን ክሊኒክ በአዋላጅ ነርስነት ተመድቤ ሳለሁ ነው። ከተመረቅሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነበር፤ አብሮት የሚጫወት ሲያጣ የዱላ አያያዝ አስተማረኝ።

ሜዳ እንበለው እንጂ ሜዳ አልነበረም። ከክሊኒኩ ጓሮ ጀምሮ እስከ ጅረቱ ቁልቁል የሚወርድ፣ ከዚያ በማዶው ኮረብታ የሚወጣ የከብት ግጦሽ ነው። ሐኪሙ ስድስት የወተት ጣሳ ቀብሮ ስድስት ጉድጓድ አደረገው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ቁልቁል ናቸው፤ ኳሷ ጅረት ካልገባች እንሰት ውስጥ ነው የምትገኘው። አራተኛው ግን ጅረቱን ተሻግሮ ቀጥ ያለ ዳገት ነበር። ጣሳው ጫፉ ላይ ስላለ፣ ትንሽ ያጠረች ኳስ እየተንከባለለች ተመልሳ እግሬ ሥር ታርፋለች። ወራት ሙሉ ከስምንት ምት በታች ጨርሼው አላውቅም።

አንድ ቅዳሜ ሐኪሙ መድኃኒት ሊያመጣ ዲላ ወረደ። ክሊኒኩ ለእኔና ለአንዲት ረዳት ቀረ። የጌዴኦ ሴት ናት፤ በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ፣ እሷም ሲስተር ትለኛለች። በሽተኛ ስላልነበረ፣ ችግር ከመጣ ደወል እንድትመታ ነግሬያት ልጫወት ወረድኩ። ደወላችን ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነበር።

የዚያን ቀን አራተኛው ላይ ሁለተኛው ምቴ ኳሷን ከጣሳው ጥቂት እርምጃ ዝቅ ብሎ ሣር ውስጥ አሳረፋት። ልመታ ስዘጋጅ ቸርኬው ጮኸ። ቀና ብዬ ወደ ማዶ፣ ወደ ክሊኒኩ አየሁ። ሳያቋርጥ የሚደወለው ለከባድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህም አላቋረጠም። አንዴ ብቻ ልምታ አልኩ። ኳሷ ጣሳውን አልፋ ሄደች። ፈልጌ አገኘኋትና እንደገና መታሁ፤ አሁን ደግሞ የጣሳው አፍ ድረስ ደርሳ ቁልቁል ተንከባለለች። ተከትያት ወረድኩ። ዱላውን ጥዬ የሮጥኩት ቸርኬው ዝም ካለ በኋላ ነው። ጅረቱን ተሻግሬ ያን ሁሉ አቀበት ስወጣ ግማሽ ሰዓት ሄደ።

ከዱመርሶ መንደር በቃሬዛ የመጣች ወላድ ነበረች። የሕፃኗ ጭንቅላት ወጥቶ ትከሻዋ ውስጥ ተይዞ ሲቀር፣ ረዳቷ ብቻዋን ሆና ጎትታ አወጣቻት። እናትም ልጅም ተርፈዋል። የሕፃኗ ቀኝ እጅ ግን አይንቀሳቀስም፤ ባነሳው ተመልሶ ይወድቃል። ትከሻ እንዲህ ሲያዝ ምን እንደሚደረግ እኔ ተምሬያለሁ። ረዳቷ አልተማረችም።

ሐኪሙ ተመልሶ የት እንደነበርኩ ሲጠይቀኝ፣ ነፋስ ስለነበር ደወሉን አልሰማሁም አልኩት። ረዳቷ አጠገቤ ቆማ ነበር፤ ምንም አልተናገረችም። ያልተማርሽውን ሥራ ለምን ነካሽ ብሎ ተቆጣትና ከማዋለጃ ክፍል አውጥቶ ልብስ አጣቢ አደረጋት። እኔ መሬት መሬቱን አይ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ጎልፍ አልተጫወትኩም፤ ሐኪሙ ሲጋብዘኝ ወገቤን ያመኛል እላለሁ። ሕፃኗን ለምርመራ ሲያመጧት እናቷ ታመሰግነኝ ነበር። ያን ነበር መቋቋም ያልቻልኩት።

ስምንት ወር ያህል እንዲህ ከቆየሁ በኋላ፣ ረዳቷ አንሶላ ስታሰጣ ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ።

«እትዬ፣ ያን ቀን ደወሉን ሰምቻለሁ።»

«አውቃለሁ፣ ሲስተር። ቀና ስትዪ ደወሉን እየመታሁ አየሁሽ። ከዚያ ተመልሰሽ ጎንበስ አልሽ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ቢያባርርሽ ለወላዶቹ ማን ይቀራል?»

በዚያው ሄጄ ለሐኪሙ ነገርኩት። አላባረረኝም፤ ግን ከሥራ ጉዳይ በቀር አነጋግሮኝ አያውቅም። እሷን አስጠርቶ ይቅርታ ጠየቃትና ወደ ቦታዋ እንድትመለስ ለመናት። እምቢ አለች። እኔም ላግባባት ወደ ማጠቢያው ተከተልኳት። እጇን ከሳሙናው ውሃ ሳታወጣ፣ እጄ ፈርቷል፣ ከእንግዲህ ሕፃን አይይዝም አለችኝ። እስክዛወር ድረስ ሁለት ዓመት አብረን ሠራን፤ አንድም ቀን እዚያ ክፍል ስትገባ አላየኋትም።