ቸርኬው የጠራቸው ሰዎች

ባለ ወፍጮ ጎረቤቴን ነክሼዋለሁ። ክንዱ ላይ ጠባሳው አለ፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ እጅጌውን ወደ ታች ይስባል። ባየሁት ቁጥር ጥርሴን ያሳክከኛል።

ነገሩ የሚጀምረው ጃቫ ደሴት ላይ ነው። ለትምህርት ሄጄ ቤት ያከራዩኝ ሰዎች አመሻሽ ላይ ጋሜላን ይጫወቱ ነበር። ጋሜላን የነሐስ መሣሪያዎች ስብስብ ነው። ትልቁ ስብስብ የሠርግ ቤት ያናውጣል፤ የእነሱ ግን ትንሹ፣ ለጓዳ የሚበቃው ነበር። አራት አምስት ሰው ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ፣ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ እያዳመጠ በዝግታ ይጫወታል። ዜማው ዙሩን ሲጨርስ ጎንግ የሚሉት ትልቅ ክብ ብረት አንዴ ይመታል፤ እሱ ካልተመታ ዙሩ አልተዘጋም። እኔ ቁጡ ነኝ። እናቴ «አንተኮ ከጥላህም ትጣላለህ» ትለኛለች። እዚያ ምንጣፍ ላይ ግን እጄ አደብ ይገዛ ነበር።

ስመለስ ከሥሩ የቀርከሃ ቱቦ የተደረደረለትን አንድ የነሐስ መሣሪያ ይዤ መጣሁ። ኮሌጅ አብሮኝ የሚያስተምር ዋሽንት ነፊ አገኘሁ፤ እህቴ ከበሮ ያዘች። የጎደለን ጎንግ ነበር።

አጋሮ አንድ ብረት ሠሪ አለ። የቡና መፈልፈያ ማሽን ይበይዳል፤ ብረት ከመግዛቱ በፊት በጥፍሩ ኳ አድርጎ ጆሮውን ያስጠጋል። ስልኬ ላይ የቀዳሁትን የጎንግ ድምፅ አሰማሁት። ደጋግሞ ሰማና «ይሄማ ከጭነት መኪና ቸርኬ ይወጣል፣ ኢንሻ አላህ» አለኝ። ክረምቱን ሲቆርጥና ሲቀጠቅጥ ከርሞ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በጆንያ ተሸክሞት፣ ሰፈራችን መንደራ ቆጪ፣ እኛ ቤት መጣ።

ሰፈራችን ውስጥ ሌባ ስላስቸገረ የመብራቱ ምሰሶ ላይ ቸርኬ ተሰቅሏል። ቸርኬ ሲመታ የሰማ ሁሉ ዱላ ይዞ ይወጣል፤ የማያውቀውን ሰው ካገኘ ይይዛል። ውሳኔው ሲተላለፍ ሁላችንም እጅ አውጥተናል። የእኛ ጎንግ ከምን እንደተሠራ እያወቅን ይህን ያስታወሰ አልነበረም። ለእኛ ጎንግ ሆኖ ነበራ።

ብረት ሠሪው ራሱ ሰቀለልን። እህቴ ጨርቅ በተጠቀለለ መምቻ መታችው፤ ድምፁ ቤቱን ሞልቶ ቆየ። ሰውየው ዐይኑን ጨፍኖ «ማሻ አላህ» አለ። ከዚያ የአጋሮ መኪና እንዳያመልጠው መዶሻና ጉጠቱን ጆንያው ውስጥ ከቶ ትከሻው ላይ ጣለው።

«አታቋርጡ፣ እየሰማሁት ልሂድ» አለን።

አላቋረጥንም። ውጭ ጩኸት ስንሰማ ልጆች ኳስ እየተጫወቱ ነው ብለን ቀጠልን። እህቴ ጎንጉን መታች። ጩኸቱ ጨመረ። ደግማ መታች። ዙሩን በዘጋን ቁጥር ከሌላ ቅያስ ሰው እየጠራን ነበር። ቀድሞ ያቆመው ዋሽንት ነፊው ነው። «ሰው እየደበደቡ ነው» አለ።

በሩን ስከፍት ብረት ሠሪው መሬት ላይ ነበር። ጆንያው ተዘርግፎ መዶሻውና ጉጠቱ አቧራ ላይ ተበትነዋል፤ ለእነሱ የሰርሳሪ ዕቃ ነው። ባለ ወፍጮው፣ ልጄን በስሙ እየጠራ ከረሜላ የሚሰጠው ሰው፣ በመጥረጊያ እጀታ ጭንቅላቱን ይለዋል። ሌላው ሆዱን ይረግጣል። አንዷ ሴትዮ ድንጋይ ይዛ ተራዋን ትጠብቃለች። ሰውየው ሁለት እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ «ማሎ፣ ማሎ» እያለ ይለምናል። እጁን ከጆሮው ሊያላቅቁት ጣቶቹን ይቀጠቅጡታል።

«እንግዳዬ ነው! ዺሳ፣ ተዉት!» ብዬ ገባሁ። ማን ሰምቶኝ። የባለ ወፍጮውን ክንድ አገኘሁና ነከስኩት፤ ደሙ አፌ ውስጥ ገባ። ልክ እንደተራበ ሰው ደስ አለኝ። አንድ ዱላ እኔም ትከሻ ላይ አረፈ። ሕዝቡ የቆመው እህቴ ራሷን ሰውየው ላይ በጣለች ጊዜ ነው።

ሐኪሟ የግራ ጆሮው ታምቡር እንደተቀደደ ነገረችን። የቀኙን «እናያለን» አለች። እሱ ስለ ጣቶቹ፣ ስለ ጎድኑ አልጠየቀም፤ የጠየቀው ጆሮው ለሥራው ይበቃው እንደሆነ ነው። እናያለን ካለችው የተሻለ መልስ የሰጠው አልነበረም።

ቁስሉ ሲጠግግ ሽማግሌ ተቀመጠ። የመቱት ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። ባለ ወፍጮው ክንዱ በፋሻ ታስሮ «ወላሂ፣ ቸርኬ ሰምተን ነው» አለ። እኔ ከወንበሬ ተነሥቼ ልሄድበት ስል ዋሽንት ነፊው በቀበቶዬ ያዘኝ። እህቴ የተባለውን ሁሉ በብረት ሠሪው ቀኝ ጆሮ እየጮኸች ትነግረዋለች።

«ልጄ፣ የልብህን ተናገር። ካሳው ያንተ ነው» አሉት ትልቁ ሽማግሌ።

«እርስዎን አክብሬ ነው የመጣሁት» አላቸው። «ካሳ አልፈልግም። ያን ብረት ያምጡልኝና የመቱኝ ሁሉ በመቱኝ እጅ ይምቱት። ቀስ ብለው።»

ጎንጉን ግቢው ውስጥ ሰቀልነው። ሰውየው ቀኝ ጆሮውን አስጠግቶ ዐይኑን ጨፈነ። የመጀመሪያው ደንግጦ ነው መሰለኝ በኃይል መታው። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ፤ «ቀስ» አለ። ሁለተኛውም እንደዚያው አደረገ፣ ሰውየውም እንደዚያው መለሰለት። ከዚያ ባለ ወፍጮው ቀረበ። መምቻውን ብረቱ መሐል ላይ አሳረፈው፤ ድምፁ ልክ ጃቫ እንደሰማሁት፣ ወፍራምና ለስላሳ ሆኖ ግቢውን ሞላው። እኔ እንኳን ለአንድ አፍታ ጥላቻዬን ረሳሁ።

ሰውየው ዐይኑን እንደጨፈነ ቆየ። ድምፁ ጨርሶ ከጠፋ በኋላ ወደ እህቴ ዞሮ፣

«ገና አልመታም እንዴ?» አላት።